ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር

የዚያን ቀን ጠዋት እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። አባቴ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ማታ የጀመረውን ሸሚዝ ለመጨረስ ቤት ውስጥ የስፌት መኪናውን ያንቀሳቅሳል። እናቴ ቱሪያ ሆጃውን፣ የቡና ገለባ ሻያችንን፣ በወተት አፍልታ በሁለት ሲኒ ቀዳች። አንዱን ለእኔ ሰጥታ ሌላውን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ቆሜ ጠጣሁ። የሥራ ጋዋኔን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ሻሼን አሰርኩ፤ ከመጋላ ሠፈር ወጥቼ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻገርኩ። አሸዋው ገና አልጋለም። ከዚራ ሠፈር ስደርስ የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ ሞተሩን አስነሥቶ ከዛፉ ጥላ ሥር ቆሟል።

"ዛሬም አረፈድሽብን አቦ፣ ኢንጅነሯ" አለኝ ሹፌሩ እንደ ወትሮው። እንደ ወትሮውም አላረፈድኩም ነበር።

ከሶቭየት ኅብረት ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የሄድኩት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነበር፤ ስመለስ አገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ያጠናሁት የአውሮፕላን ቁጥጥር ምህንድስና ነው። እናቴ ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ አውሮፕላን ሲያዘነብል ማዘንበሉን የሚያውቅበትና ተመልሶ የሚቃናበት መሣሪያ አለ፤ እሱን ነው የተማርኩት አልኳት። ጥቂት አሰበችና "እንዲህ ያለውን ጠጥቶ ለሚገባው አጎትሽ ቢገጥሙለት ጥሩ ነበር" አለች።

የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የአየር ጦር ሠፈር፣ በቆርቆሮ በተሠራ ረዥም የመሣሪያዎች ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምሳዬን የምበላው ብቻዬን፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ወንዶቹ ክፉ አልነበሩም፤ እኔ ስገባ ግን ወሬያቸው ያጥራል። አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቆይቶ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ደግሞ መልመዱ ራሱ ያሳዝነዋል።

አብራሪዎቻችን አሜሪካ የሠለጠኑ ነበሩ። አዲሶቹ አውሮፕላኖች ግን ሶቭየት ሠራሽ ናቸው። በሁለቱ መካከል ካሉት ብዙ ልዩነቶች አንዱ ለእኔ ደረሰኝ። አብራሪ ደመና ውስጥ ሲገባ ሰማይና ምድሩን መለየት አይችልም። ፊት ለፊቱ ያለችውን አንዲት ክብ መሣሪያ ያምናል፤ የአድማስ ጠቋሚ እንላታለን። በአሜሪካው ጠቋሚ ላይ የአውሮፕላኗ ምስል ባለችበት ትቀመጣለች፤ የሚያዘነብለው ከኋላዋ ያለው የአድማስ መስመር ነው። በሶቭየቱ ላይ ግን አድማሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የምታዘነብለው ትንሿ አውሮፕላን ናት። አንዱን ለዓመታት የለመደ ሰው ሌላውን ሲያይ፣ ልቡ ካልተከፈለ፣ ይገባዋል። ሲጨነቅ ግን እጁ ወደ ድሮው ይመለሳል። ወደ ቀኝ ያዘነበለውን አውሮፕላን አቃናለሁ ብሎ ይበልጥ ወደ ቀኝ ይጥለዋል። ደመና ውስጥ ደግሞ ተሳስተሃል የሚለው የለም።

ለዚህ ነው ወንበሩን የሠራሁት። ከተጣሉ ዕቃዎች መሪ አወጣሁ፣ ሞተር ፈለግሁ፣ አንዱን ከሌላው አገናኘሁ፤ መሪው ሲንቀሳቀስ ጠቋሚው በእውነተኛው አውሮፕላን ልክ ዘግየት ብሎ እንዲታዘዝ አደረግሁ። አብራሪው ሲቀመጥ፣ ከጠቋሚው በቀር ምንም እንዳያይ ከላይ ትልቅ ጥቁር ጨርቅ እጥልበታለሁ። መሪው ከጨርቁ ውጭ ይቀራል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ አውሮፕላኑን አዘነብልበታለሁ፤ እሱ ያቃናዋል። የማየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በእኔ በኩል ያለውን ሁለተኛ ጠቋሚና መሪው ላይ ያለውን እጅ።

አብራሪዎቹ የንስሐ ወንበር አሉት። እኔን፣ የመጋላዋን ሙስሊም፣ አባ ናፊሳ ብለው ጠሩኝ። ከጨርቁ ሲወጡ በላብ ተጠምቀው "ይፍቱኝ አባ ናፊሳ" ይላሉ።

"ነገ ድገመውና እንተያያለን" እላለሁ።

ሻምበል በዛብህ ሣህሉ ግን አልቀለደም።

* * *

መጀመሪያ የመጣ ቀን በር ላይ ቆሞ "ጤና ይስጥልኝ ኢንጅነር፤ ከፈቀዱልኝ ልግባ?" አለ።

"ግባ፤ አንተን ነው የምጠብቀው" አልኩት።

ደንግጦ አየኝ። ድሬ ላይ ያደገ ሰው ለአንቱታ እንግዳ ነው፤ እኛ ቃዲውንም አንተ እንላለን። እሱ ግን ከደጋ የመጣ፣ የደጃዝማች የልጅ ልጅ ነው። ጥቂት ቆይቶ፣ "አንተ የሚለኝ ሰው ሁለት ብቻ ነበር፤ እናቴና አዛዣችን ኮሎኔሉ" አለ።

"እንግዲህ ሦስት ሆነናል።"

ሳቀ። ሳቁን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የማውቀው ድምፁን ነው።

ሁለት ዓመት ከመብረር ታግዶ ነበር። ወንድሙ ከአገር በመውጣቱ እሱን ሲመረምሩት ቆይተው፣ አብራሪ ሲያጥር መለሱት። ይህን የነገረኝ ከጨርቁ ሥር ሆኖ ነው። ሰው ጨለማ ውስጥ ሲሆን፣ ፊቱንም የሚያየው ሳይኖር፣ አፉ ይፈታል መሰለኝ።

"ያን ሁለት ዓመት" አለ፣ እጁ መሪው ላይ እንዳለ፣ "የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቀና ላለማለት እታገል ነበር። በመንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሽቅብ ያያል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ጨርቅ አያለሁ።"

አውሮፕላኑን ወደ ግራ አዘነበልኩበት። እጁ ሳይቸኩል አቃናው። ረዥም፣ ጠይም እጅ ነበር፤ በአውራ ጣቱ ግርጌ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። ከአንድ ሰው ፊት ይልቅ እጁን አብዝቼ ያየሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ሲጨርሱ ጨርቁን ወደ ላይ ጥለው ይወጣሉ። እሱ ግን ወጥቶ ሁለቱን ጫፎች ይይዝና ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔ ሌሎቹን ሁለት ጫፎች እይዛለሁ። ወደ ኋላ እንሄዳለን፣ ጨርቁ ይወጠራል፣ አንድ ጊዜ እናጥፈዋለን፤ ከዚያ ወደ መካከል እንመጣለን። ጫፎቹን ሲያስረክበኝ ጣቶቻችን ይነካካሉ። ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ያየኛል። ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ሻምበል ሆኖ ይወጣል።

አየነው የሚባል የጎጃም ሰው አብሮኝ ይሠራል፤ ጥሩ ቴክኒሻን ነው፣ ምላሱ ግን ዕረፍት አያውቅም። አንድ ቀን የታጠፈውን ጨርቅ አየት አድርጎ፣ "እቴ ናፊሳ፣ ይህን ጨርቅ በብረት ተኩሳችሁ ነው የምታጥፉት? የእኔ የሠርግ ጋቢ እንዲህ ታጥፎ አያውቅም" አለኝ።

ሥራዬን የምሠራ መስዬ አጎነበስኩ። ፊቴ ግን ሲግል ይሰማኛል። በዚያ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስቀመጥ ብቸኛ አለመሆኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

* * *

ክረምቱ ሲገባ በዛብህ ጠፋ። ለእኔ የተናገረው ነገር የለም። አየነው ግን ወሬ አመጣ።

"እናቱ ጠርታው ፈቃድ ወስዷል። ልትድረው ነው ይላሉ። እሜቴ ወለተ ጊዮርጊስ እንደሆነች የዘር ሐረግ ሳታስቆጥር ውሻም አታስገባም።"

"የራሱ ጉዳይ ነው" አልኩ።

"የራሱ ነው እንጂ። አንቺ ምን አገባሽ" አለና ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ፣ እሱ የማይሆንለትን ነገር አደረገ፤ ዝም አለ።

እነዚያን ቀናት ከጨርቁ ሥር ሌሎች ሰዎች ተቀመጡ። ጨርቁን ጥለው ወጡ። አንሥቼ ጠቅልዬ ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁት። ምን ቃል ሰጥቶኛል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ምንም አልሰጠኝም። ያየኝ ጨርቅ ሲያጥፍ ነው። ክርስቲያን ነው፣ የባላባት ልጅ ነው፤ እኔ የልብስ ሰፊው የኢስሃቅ ልጅ ነኝ። እኔ ነኝ ያለ አድማስ የበረርኩት አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳነሣሁት ጠዋት እመለሳለሁ። ከሰርቪሱ ወርጄ ክፍላችን ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። በዛብህ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጨርቁን ራሱ ለብሶ ይጠብቃል።

"ማን ነው?" አልኩ፣ እጁን እያየሁ።

"ኃጢአተኛ" አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ መቀለዱ ነው። ሰኞ አዲሱን አውሮፕላን ይዘው የሚወጡት አብራሪዎች ስም በዚያ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ያ ልምምድ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። ጋዋኔን ለብሼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አስነሣሁ። አውሮፕላኑን በትንሹ አዘነበልኩበት፤ አቃናው።

"የት እንደነበርኩ አትጠይቂኝም?"

"ሰው ነግሮኛል። ሊድሩህ ነው።"

"አየነው ነው?"

"ሌላ ማን ይሆናል።"

ከጨርቁ ሥር ሲስቅ ሰማሁ። "እናቴ ዘንድ የሄድኩት ስላንቺ ልነግራት ነው። ነገርኳት። አላናገረችኝም። እራት አቅርባ አብራኝ አትበላም፤ ጸሎቷን አድርሳ ትተኛለች። በመጨረሻ ልመጣ ዕቃዬን ስሸክፍ ደጅ ድረስ ተከትላኝ ወጣችና፣ ስሟን ድገምልኝ አለች። ናፊሳ አልኳት። 'ናፊሳ' አለች ቀስ ብላ፤ አፏ ይቀበለው እንደሆነ የምትሞክር ትመስላለች። ከዚያ 'ቆሎ ትወዳለች?' ብላ ይህን ሰጠችኝ። ጠረጴዛሽ ላይ ነው።"

በእርግጥም ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ነበር። ሳላየው ነው የተቀመጥኩት።

እጄ ግን ሥራውን አላቆመም። የለመደ እጅ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ አዘነበልኩት።

"ናፊሳ" አለ፣ "እኔ ብዙ መናገር አልችልም። የቀረኝ ነገር ሁለት ነው። አንዱን ሰኞ ይመልሱልኛል። ሁለተኛው በአንቺ እጅ ነው። አግቢኝ። ከቃዲም ከቄስም ፊት ካልሆነ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን። አባትሽ እግር ሥር ወድቄ እለምናለሁ።"

ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ትንሿ አውሮፕላን ቀኝ ክንፏን ጣለች። እጁን አየሁ። መሪውን ወደ ቀኝ ይገፋል። ይበልጥ ወደቀች። ይበልጥ ገፋ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ ስለ ቤት ያወራል፣ ከዚራ ውስጥ ስለሚከራይ ሁለት ክፍል ቤት፣ በረንዳው ላይ ስላለችው ወይን። እጁ ደግሞ በእርጋታ፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ፣ ወደ ቀኝ ይገፋል። ያ እጅ ወደ አሜሪካ ተመልሷል። የሚያዘነብለው አድማሱ ነው ብሎ ያምናል። ትንሿ አውሮፕላን ተገልብጣ ሆዷን ወደ ሰማይ አደረገች።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለ።

"በዛብህ" አልኩ። "አውሮፕላኑ ወድቋል።"

* * *

ጨርቁን ገልጦ ወጣ። ጠቋሚውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። መጀመሪያ ፈገግ አለ።

"ልቤ የት እንደነበር ታውቂያለሽ። ሰማይ ላይ ስሆን ካንቺ ጋር አላወራም።"

"ሰማይ ላይ አታስበኝም?"

ዓይኑን ወደ ጠቋሚው መለሰ።

"ነገ እንደገና እንሞክር" አልኩት።

"የጠየቅሁሽ ስለ ወንበሩ ነው?"

"ነገ" አልኩ እንደገና። እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እሺ ለማለት ጠቋሚውን እንዳላየ መሆን ነበረብኝ፤ ጠቋሚውን አይቼም እሺ ማለት እንዳልችል ያን ጊዜ ተሰማኝ።

ጨርቁን አጠፍነው። ጫፎቹን ሲያስረክበኝ ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ። ቀና ብሎ አላየኝም። እንቢ ያልኩት መስሎታል፤ አለማለቴን የምነግርበት መንገድ አላገኘሁም።

ማታ ቤት ስገባ፣ ስለ በዛብህ ጥቂት የምታውቀው እናቴ የቆሎውን ቋጠሮ ከእጄ ላይ አየች። ገልጣ ቀመሰች።

"የደጋ ገብስ ነው" አለች። "ጠየቀሽ?"

"ጠየቀኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ምንም።"

"አባትሽን ፈርተሽ ከሆነ ለእኔ ተይው። መጀመሪያ ይጮሃል፣ ከዚያ ሱሪ ይለካዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የጎረቤታችንን የነዳሃቦን ልጅ አይተሻል? ባሏ ሹፌር ነው። መኪና በተሰማ ቁጥር ደጅ ወጥታ ስታይ ወጡ ያርርባታል። ያንቺው ደግሞ ሰማይ ላይ ነው። ሰማይ ላይ ሞተሩ ለቆመበት ሰው ማን ይገፋለታል?"

"እማ፣ እንዳይበር ማድረግ ብችልስ?"

እናቴ ቆሎውን መቆርጠም አቆመች።

"ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"ወላሂ፣ ከባድ ነው" አለች። "እንዲያ ካደረግሽ ቤትሽ የሚገባው ሌላ ሰውዬ ነው። የጠየቀሽ እሱ አይደለም።"

ቋጠሮውን መልሳ አሰረችና አጠገቤ አስቀመጠችው። ስትወጣ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ አድርጋልኝ አታውቅም።

* * *

በማግሥቱ እኔ አልተናገርኩም። አየነውን አጠገቤ አስቀምጬ እንደ አየር መቆጣጠሪያ ማማ ሠራተኛ እንዲያናግረው አደረግሁ፤ አቅጣጫ ይሰጠዋል፣ ነዳጁን ይጠይቀዋል፣ ቁጥር እንዲደግም ያዝዘዋል። እውነተኛ በረራ እንዲህ ነው፤ ሰው ያለ ጥያቄ አይበርም። ፍቅር ነው ያሳተው ወይስ ልማድ፣ ማወቅ ነበረብኝ። ከልቤ የምለምነው ፍቅር እንዲሆን ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም አቃና። እጁ እርግጠኛ ነበር። መተንፈስ ጀመርኩ። ከዚያ አየነው ሁለት ትእዛዝ በአንድ ላይ ሰጠው፤ እኔ አውሮፕላኑን አዘነበልኩ። እጁ ጥቂት አመነታ፤ ሄደና ወደ ድሮው መንገድ ገባ። አስቆምኩ። እንደገና ጀመርን። እንደገና ሆነ። አየነው ወሬውን አቁሞ መሬት መሬት አየ። ከዚያም "ውኃ ልጠጣ" ብሎ ወጥቶ ሄደ።

በዛብህ ጨርቁን አወለቀ።

"ስንቱን አብራሪ እንደዚህ አይተሻል" አለ። "ሁሉም መጀመሪያ ይሳሳታል።"

"መጀመሪያ ነው። እነሱ አሁን አይሳሳቱም።"

"እነሱ እኔ ጫማዬን ሳይ በሰማይ ላይ ነበሩ። ጊዜ ስጪኝ።"

"ኮሎኔሉ ዛሬ ይጠይቀኛል።"

"ደህና ነው በያቸው። አንዲት ቃል ናት። የቀረውን እዚያው አየር ላይ እማረዋለሁ። ድሬ ሰማይ ላይ ደመና የት አለና ነው?"

"ከተራራው ባሻገር ክረምት ነው፤ ታውቃለህ።"

ቀረበኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይቀለኝ ነበር። "ናፊሳ፣ አሁን ካወረዱኝ የሚመልሰኝ የለም። የወንድሜ ጉዳይ መዝገቤ ላይ ነው። ቢሮ ያስቀምጡኛል፣ እዚያው አረጃለሁ። ይህን እያወቅሽ ነው?"

"እያወቅሁ ነው።"

"ሌላ አብራሪ ቢሆን እንዲህ ትጨክኚ ነበር? ወይስ እኔ ስለሆንኩ ነው? ፈርተሽልኝ ነው?"

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ አድሬ ነበር። "ሌላ አብራሪ ቢሆን" አልኩት፣ "እስካሁን ተናግሬ ጨርሼ ነበር። አንተ ስለሆንክ ነው እስካሁን የቆየሁት።"

ጨርቁ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ሁለታችንም ተመለከትነው፤ ማንም ጎንበስ አላለም።

ከሰዓት በኋላ ኮሎኔል ወልደማርያም ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። ደግ ሰው ነበር፤ የሚቸኩል ደግ ሰው። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ካለው ወረቀት ሳያነሣ ጠየቀ።

"ጓድ ናፊሳ፣ ሻምበል በዛብህ ለሰኞ ዝግጁ ነው?"

በዛብህ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ከዚያ ዓይኑን ቀስ ብሎ መለሰና አየኝ። ጨርቅ ስናጥፍ ያየኝ የነበረው አስተያየት ነው። ልመና አልነበረበትም። ልመና ቢኖርበት እችለው ነበር።

"ገና ነው ጓድ ኮሎኔል። ሥራ ሲበዛበት እጁ ወደ ድሮው ይመለሳል።"

"ገና የሚባል ጊዜ የለኝም። ይበራል ወይስ አይበርም?"

የጠረጴዛው ማራገቢያ ሲዞር ይሰማኛል። ከመስኮቱ ውጭ አንዱ የአውሮፕላን ሞተር ይሞክራል። ለአንድ አፍታ ሌላው ቃል አፌ ላይ መጣ፤ እውነት እላለሁ፣ መጣ። ያን ቃል ብል ማታ ቆሎውን አብረን እንበላ ነበር። ሰኞም ይወጣ ነበር።

"አይበርም" አልኩ።

በዛብህ ሰላምታ ሰጥቶ ዞሮ ወጣ። የጫማው ድምፅ በኮሪደሩ ላይ እኩል፣ እኩል ሲሄድ ሰማሁት። ኮሎኔሉ ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ እኔ እጆቼን እያየሁ ነበር። የማን እጆች እንደሆኑ ለማስታወስ የምሞክር ይመስል ነበር።

* * *

በዚያው ሳምንት በዛብህን አዲስ አበባ ቢሮ መደቡት፤ የሄደው በባቡር ነው። በወታደር አውሮፕላን መሄድ ይችል ነበር፤ መንገደኛ ሆኜ አልሳፈርም አለ ብሎ አየነው ነገረኝ። የድሬው ለገሀር ባቡር ጣቢያ ስደርስ ባቡሩ ሞልቷል። ሴቶች ብርቱካን በዘንቢል በመስኮት ያቀብላሉ፤ አንዱ ሻንጣውን እያስገባ በሶማልኛ ይሳደባል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይመልስለታል። በዛብህ የሲቪል ልብስ ለብሶ በመስኮት በኩል ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሥቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ኢንጅነር፣ መምጣትዎ አያስፈልግም ነበር" አለ።

እርስዎ አለኝ። በቢሮው ውስጥ ያልሁት ቃል ምን ያህል ሩቅ እንዳደረሰን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

"መልሴን ሳትሰማ እንዳትሄድ ብዬ ነው" አልኩት።

"ሰምቻለሁ። ኮሎኔሉ ፊት።"

"ያ ለወንበሩ ነው። ወንበሩ ላይ ሆነህ የጠየቅኸኝን ግን እሺ ብያለሁ። ያን ቀንም እሺ ነበር።"

እጁን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። ጠባሳው ይታየኛል።

"አውቃለሁ" አለ በቀስታ። "እውነትሽን እንደሆነ አውቃለሁ። ምናልባትም ነፍሴን አድነሻታል። ግን ናፊሳ፣ በየቀኑ ጠዋት ከጎኔ ስትነሺ ሳይሽ የማስበው ያን ቢሮ ነው። አንቺም የኔን ዓይን አይተሽ ታውቂዋለሽ። እንዲህ አድርጌ ልጎዳሽ አልፈልግም።"

"ልማድ ይለወጣል" አልኩ። "ሥራዬ እሱ ነው።"

"የኔ እጅ አልተለወጠም" አለ። "አንቺ ራስሽ ነሽ የመሰከርሽው።"

የማሾፍ ድምፅ አልነበረበትም። የቆሎውን ቋጠሮ ጨርቅ አጥቤ፣ አጥፌ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ለእናቱ እንዲመልስልኝ። ሰጠሁት። ተቀበለኝ። ጣቶቻችን ተነካኩ፤ ቀና ብሎም አየኝ፤ አንድ ጊዜ።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። በመጀመሪያ የተንቀሳቀሰው እሱ መሆኑን አላወቅሁም። ባቡሩ የቆመ፣ እኔ ከነመድረኩ፣ ከነብርቱካን ሻጮቹ ወደ ኋላ የምሄድ መሰለኝ። ዓይኔን ከመስኮቱ ላይ አንሥቼ ከጣቢያው ጀርባ ያለውን ተራራ አየሁ። ተራራው በቦታው ነበር። እኔም በቦታዬ ነበርኩ።

* * *

ሰኞ አዲሶቹ አውሮፕላኖች ወጡ። ከተራራው ባሻገር ደመና ውስጥ ገቡ፤ ሁሉም ተመለሱ። አየነው በሩ ላይ ቆሞ ሲያርፉ አየና፣ "እግዜር ይፍታሽ፣ አባ ናፊሳ" አለኝ። ለመሳቅ ሞከርኩ፤ እሱም እንዳልሆነልኝ አይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በዛብህ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ እንደሚሠራ፣ ጤነኛ እንደሆነ፣ ጥቂት እንደወፈረ ከዚያ የመጣ ሰው ነግሮኛል። ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ቀና ይበል አይበል አልጠየቅሁም። እናቴ ስለ እሱ አንድም ቀን አላነሣችም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን አውሮፕላን በቤታችን ላይ ሲያልፍ ወጡን ትታ ፊቴን ታያለች። ወጡ አያርርም። እኔ የምጠብቀው ሰው እዚያ ላይ የለም።

አሁንም ጠዋት ሆጃዬን ቆሜ እጠጣለሁ። ደቻቱን እሻገራለሁ፤ ሹፌሩ አረፈድሽ ይለኛል። አዳዲስ አብራሪዎች ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ያልባቸዋል፣ ይወጣሉ። ሲጨርሱ ጨርቁን ከመሬት አነሣለሁ። ጨርቁ ትልቅ ነው፣ ብቻውን ለሚያጥፈው ሰው አይመችም። አንዱን ጫፍ በአገጬ እይዝና ሌላውን በእጆቼ እሰበስባለሁ፤ ከዚያ እንደምንም አድርጌ ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ሰው የለም።